ቢጫው በመጨረሻ ይገባል

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ስምንት ዓመት በሕክምና ቤቶች ውስጥ ሠርቼ ዘንድሮ ሥራውን ትቻለሁ፤ አሁን አንገር ጉቲን ሆኜ የወንድሜን መሬት አርሳለሁ። ጡረታ የወጡ ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲጽፉ ብዙ ከተማና ብዙ አለቃ ያነሣሉ። የእኔ ሦስት ከተማ ብቻ ነው።

የምጽፈው በኦቦ ገመቹ ምክንያት ነው፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው። ኦቦ ገመቹ ነቀምት ውስጥ መድኃኒት መቀመም ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በእኛ መንደር ስማቸው ከፍቶ ነበር። «የአሊን መድኃኒት ከክንዱ ነቅሎ ያወረደው ሰውዬ» ይባሉ ነበር። አሊ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሞቷል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስናገረው ግን አፌ ይያዝብኛል። ስጽፍ ይሻለኛል።

ሥራ የጀመርኩት አኖ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ ውስጥ መጀመሪያ ወለል ጠራጊ፣ ኋላ ደግሞ የግሉኮሱን መስቀያ ብረት የምገፋ፣ ጠርሙስ የማቀብል ሆንኩ። በገበያ ቀን ሰው ይሰለፋል። ሁሉም ታሞ አይደለም። አጨዳ ያደከመው አለ፣ ልጁን ለመዳር ሲሮጥ የሰነበተ አለ፣ ከወሊድ የተነሣች አለች። የሚሉት አንድ ነው፤ «ግሉኮስ ስቀሉልኝ።»

ባለቤቱ የግሉኮሱ ጠርሙስ ውስጥ ቫይታሚን ይጨምሩበታል። ቫይታሚኑ ቢጫ ስለሆነ ጠርሙሱን እንዳለ ያቀልመዋል። አንድ ቀን ቫይታሚን አልቆ ነጩን ሰቀልን። የተኙት ሽማግሌ በክርናቸው ተነሥተው አዩና «ኩን ቢሻን!» ብለው ጮኹ። ይህ ውኃ ነው ማለታቸው ነው።

«አባባ፣ ስኳር አለበት» አልኳቸው።

«ስኳርም ውኃም ቤቴ አለኝ። ለዚህ ብዬ ነው በቅሎዬን አስሬ የመጣሁት? ቢጫዋን አምጣ!»

ባለቤቱ ሳቁና ከጎረቤት መድኃኒት ቤት አስመጥተው ጨመሩበት። ሽማግሌው ተመልሰው ተኙ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው «ኧሃ፣ አሁን ጉልበቴ ላይ ደረሰ» አሉ። የቱቦው መዝጊያ ገና አልተከፈተም ነበር። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሰው የሚያምነው ቀለሙን ነው የሚለውን ነገር ከአኖ ይዤ ወጣሁ። መጥፎ ትምህርት ነበር።

ከአኖ ወደ ጊዳ አያና ሄድኩ፤ በአንድ ጤና ጣቢያ የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት ሆንኩ። ሥራው ካርቶን መደርደርና ጊዜው ያለፈበትን መለየት ነበር። ጊዳ አያና ወረፋው አንድ፣ ቋንቋው ሁለት ነው። በኦሮምኛ የተጀመረ ቀልድ በአማርኛ ያልቅ ነበር። ከዚያ ሁለቱን ወገን ያጋጨው ክፉ ጊዜ መጣ፤ ጤና ጣቢያው ተዘጋ፤ እኔም ከብዙ ሰው ጋር ወደ ነቀምት ወጣሁ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ስም ሲጠራ ስሙ የማን ወገን እንደሆነ አስቀድሞ የሚመዝን ሆኗል። ይህን የማነሣው ኋላ የሚመጣው ነገር ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ነቀምት የገባሁበትን ሆስፒታል ስሙን አልጽፍም። መጀመሪያ ያው የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ይኸው ነው። ከምጠርጋቸው ክፍሎች አንዱ ቀድሞ አንሶላ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለችው። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ ንጹሕ አየር የሚነፍስበት የመስታወት ሣጥን፣ አንድ መብራትና ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የተቀባ ካርቶን አለ። የደም ሥር ምግብ የሚቀመመው እዚያ ነው። በአፉ መብላት የማይችል በሽተኛ ስኳሩን፣ ፕሮቲኑን፣ ጨዉን በአንድ ከረጢት ውስጥ አድርገው በደም ሥሩ ይሰጡታል።

ቀማሚው ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር የሚያስጠኑ ሰው ናቸው። ሥራ ላይ ሲሆኑ ግን ከብልቃጥ ስም በቀር ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር ስጠርግ መጥረጊያዬን በእግራቸው ያዙና «ያ ጉርባ፣ ማንበብ ትችላለህ?» አሉኝ። አንተ ልጅ ማለታቸው ነው።

«እችላለሁ።»

«ይህን አንብብልኝ።» አንዲት ብልቃጥ ሰጡኝ። አነበብኩ። «አሁንም አንብብ።» ደግሜ አነበብኩ። «ሦስተኛ አንብብ።»

«ኦቦ ገመቹ፣ አልተለወጠም እኮ» አልኳቸው።

ሳቁ። «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዓይንህ ነው ያነበበው። ሦስተኛው ላይ ልብህም ይመጣል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዳታቸው ሆንኩ።

ልማዳቸውን አሁን ሳስበው ሁሉም ቀስ የማለት ልማድ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ፤ የእኔንም አስዘርግተው ያያሉ። ብልቃጥ ከመደርደሪያ ሲያወርዱ ስሙን ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ እኔ እደግማለሁ። ሲከፍቱ ይጠራሉ፤ እደግማለሁ። ባዶውን ሲያስቀምጡም እንዲሁ። ባዶ ብልቃጥ አይጣልም። በገባበት ቅደም ተከተል ትሪ ላይ ይሰለፋል፤ የሚነሣው በሽተኛው ከረጢቱን ጨርሶ ሲያድር ነው። ሁለት ነገሮች አሉ ይሉኝ ነበር፣ ፎስፌትና ካልሲየም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን ሳይራራቁና ሳይገላበጡ ከተገናኙ እንደ ዱቄት ይረጋሉ። ዱቄቱ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ፎስፌቱ ቀድሞ ይገባል። ከረጢቱ ይገለባበጣል። በመካከል ሌላው ይገባል። ካልሲየም ወደ መጨረሻው፣ በቀጭን መርፌ፣ ጠብታ በጠብታ። «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ፤ ቀስ፣ ቀስ። ከዚያ ከረጢቱን መጀመሪያ በጥቁሩ ካርቶን ፊት፣ ቀጥሎ በነጩ ፊት ይዘው «ኢላሊ» ይሉኛል፤ እይ። እኔ አያለሁ። እሳቸው ያያሉ። ቫይታሚኑ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቢጫ ስለሆነ ደመናውን ይሸፍናል። ከገባ በኋላም ብርሃን እንዳያበላሸው ከረጢቱ ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል።

ስለ ጥቃቅኖቹ ማዕድናት የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሌኒየም፣ ማንጋኒዝ፤ ሁሉም ተቀላቅለው በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይመጣሉ። መልኳ ከውኃ ብዙ አይለይም።

«ሰው በአፉ ሲበላ እነዚህን ሳያውቃቸው ይበላቸዋል» አሉኝ። «በጤፉም በባቄላውም ውስጥ አሉ። በደም ሥሩ የሚበላ ሰው ግን እኛ ያልሰጠነውን ከየትም አያገኝም። የረሳነውን ገላው ይነግረናል። ችግሩ ዘግይቶ ነው የሚነግረን።»

የሚበዛበትም ሰው አለ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ በሽተኛ ሲመጣ ብልቃጧን ሳይነኩ ሐኪሙ ዘንድ ይሄዳሉ። መዳብና ማንጋኒዝ የሚወጡት በሐሞት መንገድ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ይጠራቀማሉ። ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት፣ ትንሽ ናት ብለህም አትድገማት ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳት በሽተኛ አኖ ታስተምር የነበረች፣ ከሌላ ክልል የተመደበች መምህርት ናት። ከቀዶ ጥገና በኋላ አንጀቷ ቀዳዳ አበጅቶ በአፏ መብላት ተከለከለች። ሳምንታት አለፉ። የአፏና የአፍንጫዋ ዙሪያ ቀልቶ ቆሰለ፤ ጠጉሯ ትራሱ ላይ ቀረ፤ የሆዷ ቁስል አልገጥም አለ። የቆዳ ቅባት ቀቧት፤ አልሆነም። ኦቦ ገመቹ በአልጋዋ ግርጌ ቆመው ብዙ አዩዋት። ከዚያ ወደ ክፍላችን ተመልሰው የቅመማውን መዝገብ ገልጠው ቀን በቀን በጣታቸው ወረዱ። የማዕድኗ ብልቃጥ አንድም ቀን አልገባችም። እጥረት ነበር፤ ብልቃጧ ከመጣች በኋላም ጠያቂ ጠፋ።

ሐኪሙን አማክረው ዚንኩን በርከት አድርገው ጀመሩላት። ሲስተር ጫልቱ የክፍሉ ነርስ ናት፤ ቀልድ አያልቅባትም። «ዚንክ ማለት ቆርቆሮ የሚለብጡበት አይደል? ሴትዮዋን ክዳን ልታለብሷት ነው?» አለች። በሳምንቱ ቁስሉ ደረቀ። መምህርቷ መስታወት ጠየቀች። ብዙ አየችና «ኦቦ ገመቹ፣ ስንት ኪሎ ሰጡኝ?» አለቻቸው።

«መምህር አይደለሽ? ጠመኔ ያዢና ሰሌዳ ላይ አንዲት ነጥብ አድርጊ» አሏት። «ከነጥቧ ያንሳል።»

እሷ በእግሯ ወጣች። ያን ቀን ይህን ሥራ እስከማረጅ ድረስ እሠራዋለሁ ብዬ ነበር።

አሊ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሊ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ማረሻ ያዘ፤ እኔ ግን እንድማር አደረገ። በቆሎና ሰሊጥ ያመርት ነበር። ሦስት ልጆች አሉት። አንድ ቀን ሆዱን ቆረጠው። ቁርጠት ነው ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ታገሠው። ሲብስበት በበቆሎ ጆንያ በተጫነ አይሱዙ ላይ አስተኝተው አመጡት። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንጀቱ ተጠማዝዞ ነበር፤ አብዛኛው ሞቷል። ቀዶ ሐኪሙ ቆርጠው አወጡትና ጠርተውኝ «የቀረው አጭር ነው። እስኪለምድ በደም ሥር እንመግበዋለን፤ ብዙ ሳምንት ሊሆን ይችላል» አሉኝ።

በዚያው ዕለት ኦቦ ገመቹ በሩን ዘግተው አስቀመጡኝ። በሌላ ጊዜ እሳቸው እያዩኝ የመጨረሻዎቹን መርፌዎች እኔ ራሴ እጨምር ነበር። «ለወንድምህ አትቀምምም» አሉኝ። «ታቀብላለህ፤ ትደግማለህ። ሲሪንጁን አትነካም።»

«አላመኑኝም ማለት ነው?»

«የገዛ ሰው ሲሆን ዓይን የሚፈልገውን ያያል። እኔም ለልጄ አልቀመምኩም። ሌላ ሰው አስመጣሁ።»

አሊ ሲነቃ ቀና ብሎ ከረጢቱን አየ። «ይሄ ነው ምሳዬ?»

«አዎ።»

«አንተ ነህ የምትሠራው?»

«ኦቦ ገመቹ ናቸው። እኔ አቀብላለሁ።»

ምላሱን አጣጣመ። «ጨው በዝቶበታል» አለ። ስፌቱ እያመመውም ሳቀ። አሊ እንዲህ ነበር።

ያኔም የማዕድኗ ብልቃጥ ጠፍታ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የከንፈሩ ዙሪያ መቅላት ጀመረ። መምህርቷን ስላየሁ ምን እንደሆነ አልጠፋኝም። የስፌቱ ጫፍም ከፈት አለ። ኦቦ ገመቹ አዲስ አበባ ያለ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛቸውን በስልክ ለመኑት። ሁለት ብልቃጦች በካልሲ ተጠቅልለው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጡ። ሆስፒታሉ ያዘዘው ካርቶን ደግሞ በሚቀጥለው ሐሙስ ይደርሳል ተባለ። አንደኛዋን ቅዳሜ ዕለት ሰጠነው። ሰኞ የከንፈሩ ቁስል መድረቅ ያዘ። በጣቴ ነክቼ አረጋገጥኩ።

ማክሰኞ እናታችን ዘሃራ ከአንገር ጉቲን መጣች። ቫይታሚኑም እጥረት ስለነበረው በአንድ ቀን ልዩነት ነበር የሚገባው፤ ማክሰኞ የማይገባበት ቀን ነው። እናቴ አሊን ሳመችው። ክሳቱን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ከረጢቱ አነሣች። እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምግቡ ነው እማ።»

«ይሄ ውኃ ነው!» ወደ እኔ ዞረች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን ውኃ ስታጠጡት ነው የከረማችሁት? አንተም እዚህ ሆነህ?»

በጎረቤት አልጋ ያሉ አስታማሚዎች ነገሩን ተቀባበሉት። አንዷ «ለእኛም ይኸው ነው። በክሊኒክ ቢጫ ነው የሚሰጡት» አለች። ሌላው «ቢጫዋ ለሚያውቁት ሰው ናት» አለ። እኔ ስለ ስኳርና ፕሮቲን ልናገር ሞከርኩ። አፌ ተያያዘ። አሊ «እማ፣ አብሽሪ፣ እያገገምኩ ነው» አላት። አልሰማችውም። እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ረቡዕ ሁለተኛዋ ብልቃጥ የምትገባበት ቀን ነበር። ቫይታሚኑም ይገባል። ኦቦ ገመቹ ስኳሩን፣ ፕሮቲኑን፣ ፎስፌቱን ጨምረው ሳለ ግምጃ ቤት ዕቃ እንዲረከቡ ተጠሩ። የቀረው ማዕድኗ፣ ካልሲየሙ፣ እይታውና ቢጫው ነው። «ቆይ፣ መጣሁ» አሉኝ።

ቆምኩ። በበሩ መስታወት ላይ የእናቴ ፊት ነበረ። ከአሊ አልጋ አጠገብ ተነሥታ ተከትላኝ መጥታለች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥርት ያለ ከረጢት ታያለች። ወደ እኔ አየች፤ ወደ ከረጢቱ አየች።

ቢጫውን አነሣሁ።

ስሙን አልጠራሁም። የሚደግምልኝም አልነበረም። ቫይታሚኑን አስገባሁና ከረጢቱን ወደ መስታወቱ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። እንደ ወርቅ ሆኖ ነበር። እናቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ከንፈሯ «አልሐምዱሊላህ» ሲል አየሁ። ከዚያ ኦቦ ገመቹ ሳይመጡ ልጨርስ ብዬ ማዕድኗን ጨመርኩ። ካልሲየሙንም በአንድ ግፊት አስገባሁት። አልገለባበጥኩም። ለደንቡ ያህል በጥቁሩ ካርቶን ፊት ያዝኩት፤ ቢጫ ነው። በነጩ ፊት ያዝኩት፤ ቢጫ ነው።

ጥቁሩን ጨርቅ አላለበስኩትም። እናቴ እንድታየው ነው።

ሲስተር ጫልቱ ተቀበለችኝ። «ዛሬ ደግሞ ልብሱ የት ሄደ? ኦቦ ገመቹ አይተውታል?» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ዋሸሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያች ቃል የምጸጸትባት የለችም።

ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ ደስታ ነበር። እናቴ የአሊን እግር እያሻሸች ከጎረቤት አልጋ ጋር ታወራለች። «የልጄ እጅ ነው የቀመመው» ትላለች። ኦቦ ገመቹ በዚያ ጊዜ ከግምጃ ቤት ተመልሰዋል። እኔ የለሁም። ከረጢቱ የለም። ትሪው ላይ ግን ባዶ ብልቃጦቹ በገቡበት ተራ ተሰልፈዋል፤ ቫይታሚኑ ከካልሲየሙ በፊት ነው። እጄ ከልማዴ አልወጣም ነበር።

ሳይሮጡ መጡ። ለማንም ሰላም አላሉም። ጠብታውን አዩ፤ ዘግይቷል። የቱቦውን ማጣሪያ በጣታቸው ያዙት፤ ነጭ ነገር ይዟል። መዝጊያውን ዘጉ፣ ቱቦውን ፈቱ፣ ከረጢቱን አወረዱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአሊን ትንፋሽ አዳመጡ።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ። «ምን አድርገኸው ነው? ጥሩዋን ለምን ታወርዳታለህ?»

እሳቸው የትንፋሹን ቁጥር እየያዙ ስለነበር አልመለሱላትም።

በክፍላችን መብራቱን አጥፍተው የእጅ ባትሪ ከከረጢቱ ሥር አበሩ። በቢጫው ውስጥ ጤፍ ዱቄት የተበተነበት መሰለ። ማጣሪያው ባይይዘው ወደ ሳንባው ይሄድ ነበር። የቀረችን አንዲት የማዕድን ብልቃጥም እዚያው ውስጥ ተበላሽታ ቀረች። ኦቦ ገመቹ አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ንገረኝ» አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መስታወቱን፣ እናቴን፣ ለሲስተር ጫልቱ የዋሸሁትን። መዝገቡን ገልጠው በራሳቸው እጅ «በእኔ ክፍል፣ እኔ ሳልቆም የተሠራ ስሕተት» ብለው ጻፉ። ለቀዶ ሐኪሙም ሄደው ነገሩ።

እኔ የለመንኳቸው አንድ ነገር ነበር፤ ለእናቴ እንዳይነግሩ። «ለእናትህ የምትነግረው አንተ ነህ» አሉኝ። «እኔ አልቀድምህም።»

ለአሊ ግን በማግሥቱ ነገርኩት። ዓይኑን ጣሪያው ላይ አድርጎ ሰማኝ። «አንተ እንዲህ ነህ፤ እማ ፊት ስትቆም ልጅ ትሆናለህ» አለ። ከዚያ «አሁን አትንገራት። ስድን ቤት ሄደን ስቀን እንነግራታለን» አለኝ።

ሐሙስ ካርቶኑ አልመጣም። መንገድ ተዘጋ አሉ። ቀጣዩ ሐሙስም አለፈ። ኦቦ ገመቹ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ሹፌሮችን ይለምናሉ። የአሊ ከንፈር ተመልሶ ቀላ። ስፌቱ ተከፈተ። ከዚያ ትኩሳት መጣ፤ መድኃኒት አልበግረው አለ። ከረጢቱ ከወረደ በሦስተኛው ሳምንት መካከል፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ላቡን እየጠረገችለት ሞተ።

ቀዶ ሐኪሙን ጠየቅኳቸው። ያቺ ብልቃጥ ገብታ ቢሆን ኖሮ? «አንዲት ብልቃጥ ብቻዋን አታድነውም ነበር ብዬ አስባለሁ» አሉ። ቆይተው «በእርግጠኝነት ግን አላውቅም» አሉ። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናቸዋለሁ። እኔም አላውቅም።

አንገር ጉቲን ቀበርነው። ዳስ ተጣለ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ እንዴት ሞተ ይላል፤ እናቴ ትናገራለች። ሦስት ሳምንት ውኃ ሲሰጡት እንደከረሙ፣ በመጨረሻ እኔ በእጄ ጥሩውን ቀምሜ እንዳመጣሁ፣ እየተሻለው ሳለ ገመቹ የሚባል ሰውዬ መጥቶ ሳይናገር እንዳወረደው። በየቀኑ ስትደግመው ነገሩ እየጠነከረ ሄደ። አንድ ቀን ከዳሱ ጀርባ አንድ ጎረምሳ «ለምን እንዳወረደው ይታወቃል። አሊ የእኛ ወገን ልጅ ስለሆነ ነው» ሲል ሰማሁ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ዝምታቸው መስማማት ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቃል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ሁላችንም አይተናል። እኔም ዝም አልኩ። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም።

በዘጠነኛው ቀን ኦቦ ገመቹ መጡ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ከሲስተር ጫልቱ ጋር፣ አቧራ ለብሰው፣ ከአይሱዙ ጋቢና ወረዱ። ስማቸው ከአፍ ወደ አፍ ዳሱን ዞረ። ወንዶቹ ከተቀመጡበት አልተነሡም። እኔ የእጅ ማስታጠቢያውን ጆግ ይዤ በሩ አጠገብ ነበርኩ።

ባርኔጣቸውን አውልቀው እናቴ ፊት ቆሙ። «አዴ ዘሃራ፣ ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ። እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ። አዴ ወይዘሮ ማለት ነው።

እናቴ እጇን አልሰጠቻቸውም። «አንተ» አለች፤ «ልጄ እየበላ ሳለ ከአፉ ለምን ነጠቅኸው?»

ኦቦ ገመቹ ወደ እኔ አላዩም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ አዴ። እውነት ነው» አሉና አቆሙ።

«ሰማችሁ!» አለ ያ ጎረምሳ ከኋላ። «በአፉ አመነ!»

ሌላ ቃል የሚጨምሩ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልጨመሩም። እኔን እየጠበቁ መሆኑ ገባኝ፤ ካልተናገርኩም እንዲሁ ተሸክመውት ይሄዳሉ።

«እማ» አልኩ። «እማ፣ እኔ ነኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቢጫው በመጨረሻ ነበር የሚገባው። እኔ ቀድሜ… ረግቶ ነበር። ዱቄት ሆኖ ነበር። አላየሁትም። ሲስተር ጫልቱ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት። ኦቦ ገመቹ ባያወርዱት በዚያው ዕለት አሊ ይሞት ነበር። የምትፈልጊው ሰው እኔ ነኝ።»

ሲስተር ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እናቴ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም። የሆነ ነገር ስትቆጥር፣ ቀን ከቀን ስታገናኝ የነበረች ይመስለኛል።

«ውኃ ነው ስላልኩህ ነው?» አለች።

መልሱን አውቀዋለሁ።

«አይደለም፣ አዴ» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ውኃ ነው የሚለን ሰው ብዙ ነው፤ በየቀኑ እንሰማዋለን። ልጁ ቸኮለ። እኔም ትቼው መሄድ አልነበረብኝም።»

እናቴ ብዙ አየቻቸው። እንዳላመነቻቸው አውቃለሁ። ከዚያ አጠገቧ ተኝቶ የነበረውን የአሊን ትንሹን ልጅ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ምንጣፉ ላይ ልጁ የተኛበትን ቦታ በእጇ ጠረገች።

«ይቀመጡ» አለቻቸው። «መንገዱ አደከመዎት።»

ተቀመጡ። ወንዶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጨበጧቸው። ሲስተር ጫልቱም ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ፣ እናቴ የት እንደምቀመጥ እስክታሳየኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ዞራ በዳሱ ሥር ገባች። እስከ ማታ አላሳየችኝም።